ግራሶ የተቀባ ላፕቶፕ

ባለቤቴ ያንን ላፕቶፕ መጀመሪያ በእጁ ሲይዘው ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነውና፣ "ይሄ ኮምፒውተር አይደለም፣ የመኪና ባትሪ ነው" አለ።

ልጃችን ሳቀች። አዲስ አበባ የሕንፃ ንድፍ ስትማር ሰው የተጠቀመበትን ገዝታ የሠራችበት ነበር። ለጌም ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ጉልበት አለው፣ ከባድ ንድፍ ይችላል ብለው ነው የሸጡላት። ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ቀለል ያለ ገዛችና ይሄኛውን ለፋሲካ ስትመጣ ሸዋሮቢት ይዛልን ወረደች። ጥቁር ነው። ጡብ የሚያህል ቻርጀር አለው። ፊደሎቹ ከሥራቸው ቀይ ይበራሉ። ሲከፈት መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ከሆዱ ውስጥ አንድ ነገር መሽከርከር ይጀምራል፤ ከዚያ ድምፁ እየወጣ እየወጣ ሄዶ ለጎረቤት ይተርፋል።

ያንን ድምፅ ስጠላው ኖሬ አሁን ስለ እሱ ልጽፍ መቀመጤ ይገርመኛል። የባለቤቴ ሙት ዓመት ካለፈ ወዲህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እጽፋለሁ። አንዳንድ ቀን ሦስት መስመር ጽፌ ይደክመኛል። ስለ መጨረሻው ሕመሙና ስለ ቀብሩ ልጀምር እልና ብዕሩ ወደዚያ አይሄድልኝም። የሚሄድልኝ ወደዚያች አንዲት ግንቦት ነው።

እሱ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። እኔ መንግሥት በተለወጠ ማግሥት ከደብረ ብርሃን ሸዋሮቢት የተመደብኩ አስተማሪ ነኝ። የተዋወቅነው መኪናው ጋቢና ውስጥ ነው፤ አውቶቡስ አጥቼ ተሳፈርኩ። ጣርማበርን አልፈን ቁልቁለቱን ስንይዝ ፍሬኑ ጋለና ዳር ይዞ አቆመ። ጎማው አካባቢ ይጨሳል። እኔ ሊቃጠል መስሎኝ፣ "ውሃ አያፈሱበትም እንዴ?" አልኩት።

"የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈስ ወይ አዲስ ረዳት ነው፣ ወይ አስተማሪ ነው" አለኝ። "ዝም ብለው ይቀመጡ። ራሱ ይበርዳል።"

አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ከዚያ ወዲያ ሃያ ምናምን ዓመት አብረን ተቀመጥን።

የሹፌር ሚስት ሥራዋ መጠበቅ ነው። እሱ ሲመለስ ደግሞ ሥራዬ መስማት ነበር። ከሸዋሮቢት ተነሥቶ ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፤ ከዚያ ወዲያ በረሃው፣ ሚሌ፣ ሰርዶ፣ ዶቢ። እኔ ከኮምቦልቻ አልፌ አላውቅም። ግን የት ጥላ እንዳለ፣ የት ውሃ እንደሚጠፋ፣ የቷ ባለ ሻይ ቤት ምላሰኛ እንደሆነች በቃሌ እወጣው ነበር። በጦርነቱ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ በሌላ መስመር መሥራቱን ቀጠለ። ስለ አዲሱ መንገድ ግን ብዙ አያወራም። ስጠይቀው፣ "መንገድ ነው" ይለኛል።

ያመመው ካራቆሬ ላይ ነው። ቁርሱን በልቶ ወደ መኪናው ሊወጣ ሲል ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አለው። ደም ግፊት ነው ተባለ። ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ ምላሱ ሲፈታ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ እግሩ አልነበረም።

"ጭነቱን ማን አደረሰው?" አለኝ።

ባለንብረቱ ሌላ ሹፌር ልኮ አድርሶታል። ይህንን ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። እሱ ግን "መንገድ ላይ የተውኩት" ነበር የሚለው። በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመኑ ራሱ ሳያደርሰው የቀረ ጭነት እሱ ብቻ ነው። እግሩ በከዘራ እስከ በር ድረስ ወሰደው፤ ፍሬን መርገጥ ግን አልቻለም። ቀኝ እጁም ብርጭቆ ከመያዝ አላለፈም። ከዚያ በኋላ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቶ በአስፋልቱ የሚያልፈውን ተሳቢ እያየ፣ ይሄ ፍሬኑ ይጮኻል፣ ያ ከመጠን በላይ ጭኗል እያለ መዋል ሆነ ሥራው።

ልጃችን ይህንን አይታለች። ላፕቶፑ ላይ የከባድ መኪና መንጃ ጨዋታ ጭናበት መጣች። እሱ አላይም አለ።

"እኔ በልጅ መጫወቻ?"

"አባዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ካልጣመህ ይዤው እመለሳለሁ።"

"መሪው የታለ?"

በኪቦርዱ ግራ በኩል ያሉ አራት ፊደሎች አሳየችው።

"በአራት ፊደል? ተሳቢ በአራት ፊደል ይነዳል?"

"ቀኝ እጅም እግርም አይፈልግም እኮ፣ አባዬ።"

ቀስ ብሎ ግራ እጁን ዘረጋ።

የጨዋታው አገር አውሮፓ ነው። ከግራ ከቀኝ ጥድ፣ ሣሩ የታጨደ፣ ዝናቡ የማያቋርጥ፣ አንዳንዴም በረዶ። የከተሞቹ ስም አፉ አልገባ ሲለው የራሱን አወጣላቸው። መጀመሪያ የምትገኘው ነዳጅ ማደያ ጀውሃ ተባለች። ድልድይ ያለባት ከሚሴ፣ ብዙ መኪና ቆሞ የሚያድርባት ኮምቦልቻ። ጓዳ ሆኜ፣ "የት ደረስክ?" እላለሁ፤ "ካራቆሬን ልይዝ ነው" ይለኛል። ወጥቼ ሳይ በስክሪኑ ላይ የሚያልፈው ጣሪያው በረዶ የለበሰ መንደር ነው።

ልጃችን ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ግንቦትም ገባ። የሸዋሮቢትን ግንቦት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ከረፋዱ ጀምሮ ቆርቆሮው ራሱ ይንጣጣል። ላፕቶፑም መጮህ ብቻ ሳይሆን መጥፋት ጀመረ። አንድ ጭነት ከተጫነበት እስከሚራገፍበት ከአርባ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ላፕቶፑ ግን ሃያ ደቂቃ ሲሞላው ጩኸቱ ጣራ ይነካል፣ ፊደሎቹ ጣት ያቃጥላሉ፣ ከዚያ ድንገት ጭልም። መልሰን ስንከፍተው መኪናው ጭነት የተቀበለበት ግቢ ውስጥ ቆሞ ይገኛል፤ የተነዳው ሁሉ እንዳልተነዳ።

ባለቤቴ "ጠፋ" አይልም። "ቆመ" ነው የሚለው። ዳገት ላይ ቆመ፣ ከሚሴ መግቢያ ላይ ቆመ።

አንድ ቀን፣ ባልተናገርኩት ኖሮ፣ "ምን ያብሰለስልሃል? ዕቃው እኮ የእውነት አይደለም" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ። "አላበድኩም። ግን አንድ ጊዜ ማድረስ እፈልጋለሁ። አንዷን።"

ከዚያ በኋላ የእኔም ሐሳብ ያቺው አንዷ ሆነች።

መጀመሪያ ያሳበብነው በፀሐዩ ነው። እኔ የመጠጥ ውሃ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ እንደማቀዘቅዘው፣ "እርጥብ ጆንያ ላይ እናስቀምጠው" አልኩ። ቀና ብሎ አየኝና፣ "አስተማሪ!" አለ። ያችን የጣርማበሯን አልረሳትም። እሱ ደግሞ በበኩሉ ቬንትሌተሩን ከእኛ አንሥቶ ወደ ላፕቶፑ አዞረው። ምሳ ስንበላ እኔና እሱ ላባችንን እንጠርጋለን፣ ላፕቶፑ ነፋስ ይቀበላል። ይሄም አልበጀ ሲለን ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ አየሩ ሳይግል፣ ጠረጴዛ ማንጎው ሥር አወጣን። ያን ቀን ሃያ ስምንት ደቂቃ ሄደ። ድምፁ ግን ሰፈሩን ቀሰቀሰው፤ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ "እትዬ፣ ወፍጮ ቤት ከፈታችሁ እንዴ? ማሽላዬን ላምጣ?" አለችኝ።

ባለቤቴ ጆሮውን ላፕቶፑ ላይ ደቅኖ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ሹፌር ሳለ ሞተር እንዲህ ነበር የሚያዳምጠው፤ ዓይኑን ጨፍኖ።

"ሞተሩ ደህና ነው" አለ በመጨረሻ። "የሚጮኸው መተንፈስ አቅቶት ነው። ራዲያተሩ ተደፍኗል። ካቻቢቴ አምጪ።"

ብሎኖቹ የሰዓት ብሎን የሚያካክሉ ናቸው። እሱ በአንድ እጁ ሊፈታቸው አይችልም። ስለዚህ ያን ቀን እኔ ረዳት ሆንኩ። ከልብስ ስፌት መኪናዬ ዕቃ መሀል የቀጠነውን ካቻቢቴ አውጥቼ፣ ነጭ አንሶላ ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩ። የላፕቶፑን ሆድ ቅርጽ ወረቀት ላይ ሥዬ እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩት።

"እንዲህ የሚያደርግ ረዳት ቢኖረኝ ኖሮ" አለ፣ "ግማሹ ብሎን መንገድ ላይ አይቀርም ነበር።"

"ደመወዜን ነገ እነግርሃለሁ።"

"ረዳት ደመወዝ አይጠይቅም። ምሳ ብቻ።"

ክዳኑ ሲነሣ ሁለት ትንንሽ ማራገቢያዎች ታዩ። ነፋስ የሚያስወጡበት ቀዳዳ በግራጫ ነገር ተደፍኗል። በወረንጦ ስስበው እንደ ሱፍ ጨርቅ አንድ ሆኖ ተነሣ። የአስፋልቱ አቧራ፣ የአልጋ ልብሱ ብናኝ፣ የድመቷ ጠጉር፣ ሁሉም እዚያ ነበር። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠረግነው። "ክንፎቹን በጣትሽ ያዣቸው፣ ዝም ብለው እንዳይሽከረከሩ" ይለኛል፤ እይዛለሁ። እስከዚህ ድረስ የሠራነው ሁሉ ትክክል እንደነበር በኋላ ተነግሮናል።

ስህተቱ ከዚህ ቀጥሎ ነው። ሙቀት የሚያስወጣውን መዳብ ስናነሣ ከሥሩ ደርቆ የተሰነጣጠቀ፣ የደረቀ ጭቃ የመሰለ ነገር አገኘን። ባለቤቴ በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ አየው። ፊቱ በራ። ሐኪም ቤት ከገባ ወዲህ እንደዚያ ሲበራ አላየሁትም ነበር።

"አገኘሁት!" አለ። "ግራሶው ደርቋል! ሰው ራዲያተር ያጸዳል፣ ግራሶ መቀባት ይረሳል። አልጋው ሥር ያለችውን ቆርቆሮ አምጪ።"

አመጣሁ። መኪናውን ሲያስረክብ ለምን እንዳስቀራት እሱም እኔም የማናውቃት፣ ማር የመሰለ ግራሶ ያለባት ቆርቆሮ ናት። በጣቴ ጫፍ ትንሽ ነካ ሳደርግ፣ "ምነው? ግራሶ አይሰሰትም!" አለኝ። አበዛሁት። መዳቡን ስጫነው ከዳር ዳር ሞልቶ ወጣ።

ዘጋነው፣ ከፈትነው። ድምፁ በግማሽ ቀንሷል። ባለቤቴ በደስታ የሚያደርገውን አጣ። ያን ቀን ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነዳ፤ ከሚሴን አለፈ፣ የኮምቦልቻ መብራት ታየው። ከዚያ ቤቱ ጋራዥ ጋራዥ ሸተተ። ቀጥሎ ጭልም አለ። በማግሥቱ አምስት ደቂቃ እንኳን አልሄደም። ከዚያ በኋላ ገና ሲከፈት ይጠፋል።

"ሞተሩን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ" አለ። ወደ በረንዳው ወንበር ተመለሰ። አሁን ግን ስለሚያልፈው መኪና ምንም አይልም። ፍሬኑ የሚጮህም ያልፋል፣ ከመጠን በላይ የጫነም ያልፋል፣ እሱ ዝም። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ቀን ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ትምህርት ቤት የምሄድ መስዬ፣ ባጃጅ ይዤ ወጣሁ።

መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግን ሰው አለ። ወላጆቹ ከአሊዩ አምባ መጥተው እዚህ የነገዱ ናቸው። እሱን አራተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ ያኔም እስክሪብቶ ሳይፈታ አይውልም ነበር። አሁን የሦስት ልጆች አባት ሆኗል። ላፕቶፑን ከፍቶ ገና እንዳየው ወደ ኋላ አለ።

"አስተግፊሩላህ! እትዬ፣ ይሄን ማን ነው የነካው?"

"ባለቤቴ ነው።" ትንሽ ቆይቼ፣ "እኔም አለሁበት" አልኩ።

በጣቱ ነክቶ አሸተተው። "ግራሶ?"

"ግራሶ።"

"የመኪና ግራሶ?"

"የኩሽኔታ።"

ኮፍያው እስኪወድቅ ሳቀ። "ወላሂ እትዬ፣ የጥርስ ሳሙና የቀባ አይቻለሁ። አንዱ እንዲያውም ቅባት ነው ብሎ ቅቤ አምጥቶልኛል። ግራሶ ግን ዛሬ ነው ያየሁት።"

እኔ መሳቅ አቃተኝ። "ሞቷል?" አልኩት።

ፊቴን ሲያይ ሳቁን ሰበሰበ። "አልሞተም፣ ኢንሻአላህ። ይሄ ዕቃ ሲግል ራሱን ያጠፋል። ብልህ ነው። ግራሶ የሚፋተግ ነገር ያለሰልሳል፣ እትዬ፤ እዚህ ግን የሚፋተግ የለም። እዚህ የሚፈለገው ሙቀቱን ከዚህች ትንሽ ነገር ተቀብሎ ለመዳቡ የሚያቀብል ነው። ፔስት ይባላል። ከአዲስ አበባ በሚኒባስ አስመጣለሁ።"

"ቶሎ?"

"ለምን ሥራ ነው የፈለጋችሁት?"

ነገርኩት። ካራቆሬ ላይ የቀረውን ጭነትም ነገርኩት፤ ለምን እንደነገርኩት አላውቅም። ሲሰማኝ ቆየና፣ "እንግዲያው ቤት መጥቼ ነው የምሠራው" አለ። "እሳቸው ሳያዩ ከገጠምኩት አያምኑትም።"

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ገና ከበሩ፣ "ጋሼ፣ አንቱ ነዎት ግራሶ የቀቡት?" አለ።

"እኔ ነኝ። ምነው፣ አነሰ?"

ሁለቱም ሳቁ። ባለቤቴ ለስድስት ቀን ያህል ያልሳቀውን አንድ ላይ ሳቀ። ጠጋኙ ግራሶውን በአልኮልና በጥጥ እየደጋገመ ጠረገ። ከዚያ መርፌ ከመሰለ ነገር አንዲት ግራጫ ጠብታ አወጣ፤ የማሾ ፍሬ ታክላለች።

"ይቺ ብቻ? ትሰስታለህ እንዴ?"

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሲበዛ ብርድ ልብስ ነው የሚሆነው። ያሞቀዋል እንጂ አያበርደውም።" እጁን አቁሞ፣ "ብርድ ልብስ ስል፣ ለመሆኑ የት አስቀምጠው ነው የሚነዱት?"

እኔና ባለቤቴ ተያየን። ከዚያ ሁለታችንም ወደ አልጋው አየን። ላፕቶፑን የምናስቀምጥበት ብርድ ልብስ አራት ታጥፎ እዚያው አለ፤ እንዳይጎረብጠው ብለን።

"ላኢላሃ ኢለላህ! አፍንጫው እኮ ከሥር ነው! ሰው በደረቱ ተኝቶ አፍንጫውን ትራስ ላይ ቢደፋ ምን ይሆናል?"

"ታዲያ ይሄን ማን ነገረኝ?" አለ ባለቤቴ። "የእኛ መኪና አፍንጫው ከፊት ነው።"

ጠጋኙ ከውጭ ሁለት እንጨት ቆርጦ አመጣና ከኋላ በኩል ከሥሩ አስገባለት። ላፕቶፑ ቁልቁል የቆመ መኪና መሰለ። "እንግዲህ ይህም ሆኖ" አለ፣ "በዚህ ግንቦት አርባ ደቂቃ መቻሉን እጠራጠራለሁ። ሸክሙን ካልቀነሱለት ይቆማል።"

"የጫንኩት ሃያ ቶን ብቻ ነው።"

"እሱን አይደለም ጋሼ። የሥዕሉን ጥራት ነው። ዛፉን፣ ዝናቡን፣ ጥላውን ሁሉ የሚሥለው እሱ ነው፤ የሚያግለውም እሱ ነው።"

ልጃችን ጋ ደወልን። እሷም ይህንኑ አለች፤ "አባዬ፣ ጥራቱን ዝቅ አድርገው" አለች።

"ጥራት ዝቅ አድርግ?" አለ ባለቤቴ በስልኩ ውስጥ እየጮኸ። "ጥራት ዝቅ ያለ ሥራ ሠርቼ አውቃለሁ? እናትሽ ትምህርት ቤት በየስብሰባው ጥራት፣ ጥራት ሲሏት ይውላሉ፤ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ልቀንስ?"

"አባዬ፣ ዛፉን ምን ያደርግልሃል? የምትነዳው መንገዱን ነው።"

ይህንን ስትለው ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። ለጠጋኙም፣ "ቀንሰው" አለ።

ጠጋኙ ዝቅ ሲያደርገው ሁሉም ነገር በየተራ ጠፋ። መጀመሪያ ሣሩ ሄደ። ቀጥሎ ጥዱ ሳሳ፣ ከዚያ ጨርሶ ለቀቀ። በረዶውም ዝናቡም ቀረ። የቤቶቹና የተራሮቹ ጥላ ጠፍቶ መሬቱ አንድ ዓይነት ቡናማ ሜዳ ሆነ። ተራሮቹ ራቁታቸውን ሻካራ ሆኑ። ሰማዩ ነጣ። በመሀሉ መንገዱ ብቻ ጥቁር ሆኖ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ጠጋኙ አፈረ። "አስጠላ አይደል፣ ጋሼ? በዚያ በኩል ትንሽ ዛፍ ልመልስልዎ እችላለሁ።"

ባለቤቴ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ ነበር።

"አትንካው" አለ። "ሰርዶ ነው እኮ። ሰርዶን አልፎ ወደ ዶቢ ያለው ነው።"

ጠጋኙ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ከዚያ፣ "ዐስር ሶላት ደረሰብኝ" ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ተነሣ። ባለቤቴ ዞር ሳይል፣ "አላህ ይስጥልኝ በልልኝ" አለው። ለማን እንደሚልለት አልነገረውም።

እኔ ወንበር ስቤ በቀኙ ተቀመጥኩ። ማራገቢያው ይሰማል፤ ግን የደከመው ሰው ዓይነት ሳይሆን የሚሠራ ሰው ዓይነት ድምፅ ነበር። ባለቤቴ በግራ እጁ እየነዳ ይነግረኛል። እዚያ ጋ፣ ያ ጉብታ ሥር፣ አንድ ጊዜ ጎማ ፈንድቶበት ሁለት ቀን ቆሟል። እዚህ ፍየል ያቋርጣል፣ ከሩቁ ነው ፍጥነት የሚቀነሰው። እዚያ ቀኑን ሙሉ ነፋስ አለ፣ በር ስትከፍቺ ያዥው። በስክሪኑ ላይ ፍየል አልነበረም። እሱ ግን ይቀንሳል። ስንት ዓመት በጆሮዬ ብቻ የማውቀውን በረሃ ያን ቀን አብሬው ሄድኩበት። አንድ ጊዜ መዳፌን ላፕቶፑ ጎን ላይ አኖርኩ። ሞቋል፤ አያቃጥልም።

"ስንት ደቂቃ ሆነን?" ይለኛል።

"ሠላሳ አንድ።"

ትንሽ ቆይቶ፣ "አሁንስ?"

"ሠላሳ ስምንት። ዝም ብለህ ንዳ።"

አርባ አራተኛው ላይ ማራገፊያው ግቢ ገባ። ተሳቢውን ወደ ኋላ ማስገባት አለበት። ጨዋታው ከፈለግህ እኔ ላቁምልህ ብሎ ይጠይቃል፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ተርጉሜ ነገርኩት።

"ማን ይሆን የሚያቆምልኝ?" አለ። "እምቢ በይልኝ።"

የመጀመሪያው አልሆነም። ሁለተኛውም ተሳቢው ተጣጠፈበት። ማራገቢያው ድምፁን ከፍ አደረገ። በሦስተኛው ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ አድርጎ አስገባት። ጽሑፍ ወጣ።

"ምን ይላል?"

"ደርሷል ይላል።"

እጁን ከፊደሎቹ ላይ አነሣ። ላፕቶፑን ልዘጋ ስል ከለከለኝ፤ ሞተር ረጅም መንገድ ሄዶ ወዲያው አይጠፋም፣ ትንሽ ይተንፍስ አለ። ተቀመጥን።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ብዙ ጭነት አድርሷል። የመጀመሪያዋ ጊዜ ግን፣ "ወረቀት አምጪ" አለኝ። ከተማሪ ደብተር መሀል አንድ ገጽ ገንጥዬ ሰጠሁት። በግራ እጁ ይዞ፣ ምላሱን ነክሶ፣ ረጅም ጊዜ ጻፈ። ከዚያ ወደ እኔ ገፋው።

"ፈርሚ። ያለ ማስረከቢያ ፊርማ ሹፌር ግቢ ለቆ አይወጣም።"

አነበብኩት። "ሃያ ቶን እቃ ሳይጎድል ሳይሰበር ደርስዋል" ይላል።

"'ደርሷል' በአንድ 'ሷ' ነው የሚጻፈው" አልኩት። "በ'ስ' እና በ'ዋ' አይደለም።"

"ፈርሚ፣ አንቺ ሴትዮ! ማራገፊያ ላይ ፊደል የሚቆጥር ተረካቢ አይቼ አላውቅም።"

"አስተካክለው።"

አጉረመረመ። ግን ብዕሩን መልሶ አነሣ። ሁለቱን ፊደሎች ሰርዞ ከላያቸው "ሷ"ን ጻፈ፤ እጁ ሳተና እግሯ እስከ ታችኛው መስመር ድረስ ወረደች። እኔም ተቀብዬ ከሥር ስሜን በሙሉ ጻፍኩ፣ ቀኑን አኖርኩ፣ ፈረምኩለት። ወረቀቱን አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና፣ "በይ እንግዲህ፣ አሁን ዝጊው" አለኝ።